ሰነድ የሌለው ሠራተኛ፣ የሥራ ገበያውና የሕዝብ አገልግሎቱ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል እየተዘዋወረ ያለ አንድ ጽሑፍ፣ ሕጋዊ ሰነድ ሳይኖራቸው በዚህ አገር የሚሠሩ ሰዎች የሥራ ዕድል እንደሚያጠቡ፣ ደመወዝ እንደሚያወርዱ፣ ግብር ሳይከፍሉ በመንግሥት ድጎማ እንደሚኖሩ፣ ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉንም እንዳጨናነቁ ይገልጻል። ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች በጅምላ ቢባረሩ የቀረው ሠራተኛ ደመወዝ ያድጋል የሚል ተስፋ ሰጥተው፣ በሕጋዊ መንገድ የመጣን ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ ጋር መቆጠር እንደሌለብን በማሳሰብ ይደመድማሉ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ያነሣውም ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በሥጋ ማቀነባበሪያ ለሚሠራው ወገናችን የሰዓት ክፍያ መቀነስና መጨመር የቤት ኪራይና የልጆች ጉዳይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሥጋት በዘረኝነት ፈርጆ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ካቀረቧቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ከሚታወቀው ማስረጃ ጋር የሚጋጩ ናቸው፤ ችግሩን በትክክል ባዩበት ቦታም ቢሆን ምክንያቱን ያለ ቦታው ፈልገውታል። ነጥቦቻቸውን በቅደም ተከተል እመለከታለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ክርክራቸው ሰነድ የሌለው ሰው የያዘው እያንዳንዱ ሥራ ከዜጋ ወይም ከሕጋዊ ነዋሪ የተወሰደ ነው የሚል ነው። ሥራን ከድፎ ዳቦ ጋር ያመሳስሉትና አንዱ በቆረሰ ቁጥር የሌላው ድርሻ ያንሳል ይላሉ። የአንድ አገር ሥራ ግን አስቀድሞ ተጋግሮ ለክፍፍል የቀረበ አይደለም። ሥራ የያዘ ሰው ቤት ይከራያል፣ ይመገባል፣ መኪና ይገዛል፣ ልጁን ያሳክማል፤ በዚህም ለሌላው ሰው ሥራ ይፈጥራል። ከዚህም ሌላ አንዱ ሥራ በሌላው ላይ የቆመ ነው። በግንባታ ቦታ ጣራ የሚመታውና ግድግዳ የሚያቆመው ሲጠፋ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያውም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሞግዚቷ ስትጠፋ ነርስ የሆነችው እናት የሥራ ሰዓቷን ትቀንሳለች። በአሜሪካ በሰብል እርሻ ከሚሠሩት ሰዎች መካከል 40 በመቶ ያህሉ የሥራ ፈቃድ የሌላቸው መሆኑን የመንግሥት የግብርና ሠራተኞች ጥናት ለዓመታት ሲያሳይ ቆይቷል። በዚህ ሠራተኛ ላይ ደግሞ የማሸጊያው፣ የጭነት መኪናውና የገበያው ሥራ ሁሉ ተደግፏል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት፣ ስደት በአገሬው ተወላጆች አጠቃላይ ደመወዝና የሥራ ዕድል ላይ በረጅም ጊዜ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ መሆኑን ደምድመዋል። ይኸው ሪፖርት ግን ለእኔ ክርክር የማይመች ነገርም ይዟል፤ እርሱንም መሸሸግ አልፈልግም። ጉዳት በሚታይበት ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ከዚያ በፊት የመጣው ስደተኛ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላጠናቀቀው የአገሬው ተወላጅ። አዲስ የመጣው ሰው ቋንቋውም፣ ችሎታውም፣ የሚሠራበትም መስክ ትናንት ከመጣው ጋር ስለሚመሳሰል የሚወዳደረው ከእርሱ ጋር ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ሥጋት ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ከእኛ መካከል በጣም ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኘው ሰው ሊሰማው የሚችል ሥጋት ነው። ልዩነታችን የሚጀምረው ያ ሰው የሚጎዳው በምን መንገድ ነው፣ መድኃኒቱስ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ጸሐፊው የሚጠቅሱት ዋና ማስረጃ ማያሚ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 1980 ድረስ ከኩባው የማሪየል ወደብ ተነሥተው 125 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ፍሎሪዳ ገቡ፤ የማያሚ የሠራተኛ ኃይልም በጥቂት ወራት ውስጥ በ7 በመቶ ገደማ አደገ። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ የዝቅተኛ ሠራተኞች ደመወዝ ክፉኛ ማሽቆልቆሉን ነግረውናል፤ ይህ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰሩ የጆርጅ ቦርሃስ ግኝት ነው። ሳይነግሩን ያለፉት ግን፣ በኋላ በ2021 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ዴቪድ ካርድ በ1990 ባሳተመው ጥናት ማያሚን ከሌሎች ከተሞች ጋር አወዳድሮ የደመወዝም ሆነ የሥራ ማጣት ለውጥ አለማግኘቱን ነው። ቦርሃስ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የተለየ ውጤት ላይ የደረሰው ጥናቱን ሁለተኛ ደረጃ ባልጨረሱ፣ ከላቲን አሜሪካ ዘር ባልሆኑ፣ በተወሰነ ዕድሜ ክልል ባሉ ወንዶች ላይ ብቻ በማጥበቡ ነው። እንዲህ ሲጠብ በመንግሥት የናሙና ጥናት ውስጥ ለማያሚ የሚቀሩት ሰዎች በየዓመቱ ሃያ እንኳ የማይሞሉበት ጊዜ አለ። ማይክል ክሌመንስና ጄኒፈር ሃንት የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ወቅት የናሙናው ስብጥር መለወጡን አሳይተዋል፤ ዝቅተኛ ክፍያ የነበራቸው ጥቁር ወንዶች በናሙናው ውስጥ በብዛት መካተት ሲጀምሩ፣ የማንም ደመወዝ ሳይቀንስ አማካዩ ብቻ ዝቅ ሊል ችሏል። ከዚህም በላይ የማሪየል ኩባውያን ብዙም ሳይቆዩ በግልጽ መሥራት የሚያስችል ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ማያሚ የተደበቀ ሠራተኛ ስለሚያስከትለው ነገር እምብዛም አታስረዳም።

ለጸሐፊው ሐሳብ ይበልጥ የሚቀርበው ፈተና ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀው የብራሴሮ ፕሮግራም ነው። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ሜክሲኮአውያን በጊዜያዊ ውል እየመጡ በአሜሪካ እርሻ ይሠሩ ነበር፤ መንግሥት ፕሮግራሙን ሲያቆም በይፋ የሰጠው ምክንያትም የአገሬውን የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ማድረግ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የወቅት ሠራተኛ ከገበያው ወጣ። ክሌመንስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2018 ባሳተመው ጥናት በብራሴሮ ሠራተኞች ላይ ተደግፈው የነበሩትን ግዛቶች ካልተደገፉት ጋር ሲያወዳድር፣ የደመወዝ አካሄዳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የእርሻ ባለቤቶች ማሽን ገዙ፤ ማሽን የማይገኝለትን ሰብል ደግሞ መዝራት ቀነሱ። ቀድሞ በእጅ ይለቀም የነበረው፣ በፋብሪካ የሚቀነባበረው የካሊፎርኒያ ቲማቲም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ በማሽን ተለቀመ። ጸሐፊው እንዲደረግ የሚመኙት ነገር፣ በሕግና በሥርዓት፣ በትልቅ መጠን ተሞክሮ አልሠራም።

ታዲያ ሰነድ የሌለው ሠራተኛ ባለበት ቦታ ክፍያ ለምን ዝቅ ይላል? ይህ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ1986 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ሕጋዊ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሌለውን ሰው አውቆ መቅጠርን ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ከለከለ፤ አሠሪ የሠራተኛውን የሥራ ፈቃድ ማየቱን የሚሞላበት አይ-9 የሚባለው ቅጽም የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። አሠሪው ግን የሚጠበቅበት የቀረበለት ሰነድ ሲታይ እውነተኛ መምሰሉን ማየት ብቻ ነው። ካልፈለገም በንዑስ ተቋራጭ ያስቀጥራል፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው ነገር የለም። በሠራተኛው በኩል ደግሞ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። በሕጉ መሠረት ለሠራበት ሰዓት ዝቅተኛው ደመወዝ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሲከለከል አቤቱታ ያቀረበ ቀን ማን መሆኑ ይታወቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2002 በሆፍማን ፕላስቲክ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ ይህን ድክመት አጸናው፤ አንድ ሠራተኛ የማኅበር ማደራጀትን በመደገፉ በሕገ ወጥ መንገድ ቢባረርም፣ የሥራ ፈቃድ ስላልነበረው ሥራ ላይ ቢቆይ ኖሮ ያገኘው የነበረውን ደመወዝ መጠየቅ አይችልም ተባለ። ይህ ማለት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እየሠሩ አንዱን ያለ አግባብ ማባረር ዋጋ ያስከፍላል፣ ሌላውን ማባረር ግን ምንም ያህል አያስከፍልም ማለት ነው። ሕግ መጣስ የለመደ አሠሪ ማንን መቅጠር እንደሚመርጥ ግልጽ ነው፤ ሕግ አክባሪው አሠሪም ከእርሱ ጋር መወዳደር ያቅተዋል፤ በመጨረሻ ወረቀት ያለው ሠራተኛም በዚያው ዋጋ ለመሥራት ይገደዳል።

ይህን ቀድመው የተረዱት የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። ትልቁ የማኅበራት ኅብረት ኤኤፍኤል-ሲአይኦ በ1986 አሠሪዎችን የሚቀጣውን አንቀጽ ደግፎ ነበር፤ ዓላማውም ጸሐፊው እንደሚሉት የሠራተኛውን ደመወዝ መጠበቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 2000 ግን አቋሙን ለውጦ አንቀጹ እንዲሰረዝና ሰነድ የሌላቸው ሠራተኞች ሕጋዊ እንዲሆኑ ጠየቀ፤ ምክንያቱም አሠሪዎች ያንን ሕግ የሚጠቀሙበት ማኅበር የሚያደራጁትን ለማስፈራራትና ለማባረር እንደሆነ በተግባር አይቷል። በ1986ቱ ሕግ ወረቀት ያገኙት ሰዎች ደመወዝ ከዚያ በኋላ በ6 በመቶ ገደማ ማደጉን ያሳየ ጥናትም አለ። ሰዎቹ፣ ጉልበታቸውና የሚሠሩበት ቦታ ያው ሆኖ ሳለ ክፍያቸው ያደገው የመከራከር አቅም ስላገኙ ነው።

ወደ ግብር ስንመጣ፣ ጸሐፊው «አንድ ዶላር ሳይከፍሉ» የሚለውን ሐረግ ደጋግመው ይጠቀማሉ፤ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ከእውነት የራቀው ይህ ነው። ብዙ ሰነድ የሌላቸው ሠራተኞች የሚቀጠሩት የራሳቸው ባልሆነ ወይም በማይሠራ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ቁጥር ነው። ይህ በሕግ ስሕተት መሆኑ አያከራክርም፤ የገንዘቡ አካሄድ ግን ግልጽ ነው። ከእያንዳንዱ ደመወዝ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአረጋውያን የጤና መድን፣ ይቆረጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ ሠራተኛው ግን በዚያ ገንዘብ ጡረታ የመውጣት መብት የለውም። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ዋና አክቹዋሪ (የፈንዱን ገቢና ወጪ የሚያሰላው ባለሙያ) በ2013 ባወጣው ማስታወሻ፣ በ2010 ብቻ እነዚህ ሠራተኞች ለጡረታ ፈንዱ ካስገቡት ላይ የወሰዱት ተቀንሶ 12 ቢሊዮን ዶላር ያህል ማትረፉን ገምቷል። የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም ደግሞ በ2022 ሰነድ የሌላቸው ሰዎች በጠቅላላው 96.7 ቢሊዮን ዶላር ግብር መክፈላቸውን አስልቷል። በካሽ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ግብር አለመክፈሉ እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አሠሪውም ድርሻውን አልከፈለም፤ ጸሐፊውም ስለ እርሱ አንድ ቃል አልጻፉም። ለማንኛውም የሽያጭ ግብር በየሱቁ፣ የንብረት ግብርም በቤት ኪራይ ውስጥ ይከፈላል።

ስለ ድጎማ የተባለውን ባጭሩ ልመልስ። በ1996 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ሰነድ የሌለው ሰው ፉድ ስታምፕም (የምግብ እርዳታ) ሆነ መደበኛ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የጤና መድን) እንዳያገኝ ከልክሏል። በ1986 በወጣ ሌላ ሕግ መሠረት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕመም ያጋጠመውን ማንኛውንም ሰው ሳያረጋጉ መመለስ አይችሉም፤ ለዚህ የሚውለው የድንገተኛ ሜዲኬይድ ወጪም ከጠቅላላው የሜዲኬይድ ወጪ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው ዜጎች በመሆናቸው እርዳታ ሊያገኙ ይችላሉ። አንዳንድ ግዛቶችም በራሳቸው ገንዘብ ከዚህ አልፈው ሄደዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2024 ሕክምናውን ለሁሉም ዕድሜ ከፍታ፣ ወጪው ስለከበዳት ለአዲስ አዋቂ ተመዝጋቢዎች ከ2026 ጀምሮ እንዲዘጋ ወስናለች።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነተኛ ሸክም ነክተዋል። ቴክሳስ በ1975 ባወጣችው ሕግ ትምህርት ቤቶች ሰነድ የሌላቸውን ልጆች እንዳይቀበሉ ፈቅዳ ነበር፤ የታይለር ከተማ ትምህርት ቤቶችም ከእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 1,000 ዶላር ጠየቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ይህን ሕግ 5 ለ4 ሽሮ፣ በወላጆቹ ድርጊት ልጁን ከትምህርት ማገድ እንደማይቻል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጪው ግን በማን ላይ እንደወደቀ መናገር ያስፈልጋል። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በጁላይ 2024 ባወጣው ስሌት፣ ከ2021 ጀምሮ የጨመረው ስደት ከ2024 እስከ 2034 ባሉት ዓመታት የፌዴራሉን የበጀት ጉድለት በ0.9 ትሪሊዮን ዶላር ይቀንሳል ብሏል። ያው ጽሕፈት ቤት በጁን 2025 ባወጣው ሌላ ሪፖርት ግን፣ ይኸው ስደት በ2023 ብቻ በግዛቶችና በከተሞች ላይ የ9.2 ቢሊዮን ዶላር የተጣራ ወጪ ማስከተሉን፣ ትልቁም ድርሻ የትምህርትና የመጠለያ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ ሪፖርቶች አይጋጩም። የደመወዝና የጡረታ ግብሩ ወደ ፌዴራሉ ግምጃ ቤት ይገባል፤ መምህሩን የሚቀጥረውና የክፍል ቁጥር የሚጨምረው ግን የአካባቢው ትምህርት ቤት ነው። ጸሐፊው የሚያዩት የተጨናነቀ ክፍል እውነት ነው፤ ለእርሱ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ግን ተከፍሎ በሌላ ካዝና ተቀምጧል። ስለዚህ ጥያቄው ፌዴራሉ መንግሥት ከሰበሰበው ላይ ለአካባቢዎች ለምን አያካፍልም የሚል ሊሆን ይገባው ነበር። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ2016 ሪፖርትም የስደተኞች ልጆች ሲያድጉ ከአገሪቱ ሕዝብ መካከል ለግምጃ ቤት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ከሚያደርጉት ወገን እንደሚሆኑ ያሳያል፤ ለትምህርት የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው በእነርሱ ነው።

ኒው ዮርክንም ጸሐፊው እንደ መጨረሻ ማስረጃ አቅርበዋል። ከ2022 ጸደይ ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ስደተኞች ወደ ከተማዋ መጥተዋል፤ ከተማዋም ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ናቸው። ጥገኝነት ጠያቂ የሥራ ፈቃድ ለማመልከት ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ 150 ቀን መቆየት አለበት፤ ፈቃዱም ከ180 ቀን በፊት አይሰጥም። በሕግ ሥራ የተከለከለ ሰው ራሱን ማስተዳደር ስለማይችል መጠለያ ውስጥ ይቆያል፤ ወይም በካሽ ወደሚያሠራው ይሄዳል። የከተማዋ ከንቲባና የግዛቲቱ አገረ ገዥ ራሳቸው በ2023 ዋሽንግተንን ደጋግመው የጠየቁት እነዚህ ሰዎች ቶሎ እንዲሠሩ እንዲፈቀድላቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለቬኔዝዌላውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃም የዚህ ግፊት ውጤት ነበር።

በጅምላ ማባረር ደመወዝ ያሳድጋል ለሚለው የብራሴሮው ታሪክ በከፊል መልስ ሰጥቶበታል። ለዘመናችን የሚቀርበው ፖሊስ የያዘውን ሰው የጣት አሻራ ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር የሚያመሳክረው፣ ከ2008 ጀምሮ በየካውንቲው (በየግዛቱ ሥር ባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ደረጃ በደረጃ የተዘረጋውና ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችን ከአገር ያስወጣው የሴኪዩር ኮሚዩኒቲስ ፕሮግራም ነው። ቀድሞ የተጀመረባቸውን ካውንቲዎች ዘግይቶ ከተጀመረባቸው ጋር ያወዳደሩ ተመራማሪዎች፣ የአሜሪካ ተወላጆች ሥራ እንደ መጨመር በጥቂቱ መቀነሱን አግኝተዋል። በአይዋ ግዛት ፖስትቪል በምትባል ትንሽ ከተማ በሜይ 2008 በአንድ የሥጋ ፋብሪካ ላይ በተደረገ አሰሳ 389 ሠራተኞች በአንድ ቀን ታሰሩ፤ ፋብሪካው በዚያው ዓመት ለኪሳራ ተዳረገ፤ ሱቆችና የሚከራዩ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ባዶ የቀረውን የሥራ ቦታ ለመሙላት ከተመለመሉት መካከል ከፓላው ደሴቶች የመጡ ሰዎችና የሶማሊያ ስደተኞች ነበሩበት።

በመጨረሻ «እኛ በሕጋዊ መንገድ የመጣን» ወደሚለው እመጣለሁ። ብዙዎቻችን በዲቪ፣ በቤተሰብና ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳን በኩል መጥተናል። ከዚያ የቀደሙት ወገኖቻችን ግን በአብዛኛው የተማሪና የጎብኚ ቪዛ የነበራቸው፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለመመለስ የፈሩ፣ ቪዛቸው ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1977 ጀምሮ እንዳይባረሩ ከለላ ሰጣቸው፤ በ1982 ከለላውን ለማንሣት ሲነሣ ኢትዮጵያውያንና ደጋፊዎቻቸው ተቃወሙ፤ ከ1980 አጋማሽ በፊት ለገቡትም እንዲቀጥል ተደረገ። በ1987 መጨረሻ ኮንግረስ ባጸደቀው ሕግ ደግሞ እነዚህ ኢትዮጵያውያን ከፖላንድ፣ ከአፍጋኒስታንና ከኡጋንዳ ሰዎች ጋር ሕጋዊ ነዋሪ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተላቸው። በዲሴምበር 2022 በጦርነቱ ምክንያት ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስም (ጊዜያዊ ጥበቃ) በዚያው መንፈስ የተሰጠ ጥበቃ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ሲያበቃ ሌላ ፈቃድ ያላገኘው ሰው በዚያው ሆስፒታል ወይም ጋራዥ እየሠራ ሳለ ጸሐፊው ወደሚነቅፉት ወገን ይዛወራል። ጸሐፊው የ1987ቱ ውሳኔ ሠራተኛውን ጎድቷል፣ ደመወዝንም አውርዷል ብለው የሚያምኑ ከሆነ በማስረጃ ቢያሳዩን መልካም ነው፤ አልጎዳም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ያው መንገድ ዛሬ ለሌላው ሰው የማይሠራበትን ምክንያት እንዲያስረዱን እጠይቃለሁ።